ከዱዓ በፊት ብድግ የሚለው ማውረጃ

ሰው ቤት ተጋብዞ ሲያበቃ «ወጡ ጨው በዝቶታል» የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። አለ ይላሉ፤ እኔን አላጋጠመኝም። እኛ ወሎ ያደግነው ጨዉ ምላሳችንን ቢልጠውም «እጅሽ ይባረክ» ብለን፣ ውሃችንን ጠጥተን፣ መርቀን ነው የምንወጣው። ይህ አመል ለጉርብትና ደህና ነው። ለስልክ ፕሮግራም ግን እንደማይሆን ያወቅኩት በዚህ ዕድሜዬ፣ የልጅ ልጆች አይቼ፣ ኩዌት ባያን ሰፈር ማዳም ቤት ልብስ ስተኩስ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከእህቴ ነው። ታላቄ ሰዓዳ አገር ቤት ናት፤ ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ቆየ። ለኢጃዛ፣ ለዕረፍት ማለት ነው፣ አገር ቤት ልሄድ ስሰናዳ ደወልኩና ምን ይዤልሽ ልምጣ አልኳት። ሻርፕ አልኳት፣ ሽቶ አልኳት፣ እዚህ የሚሸጠውን ለስላሳ ብርድ ልብስ አልኳት።

«ጨርቅ ምን ያደርግልኛል፣ ቀለሙን አላየው» አለችኝ። «የእማን ድምፅ አምጪልኝ።»

እናታችን ከመሞቷ በፊት በወንድማችን ልጅ ሰርግ ላይ ነበረች። ከከተማ የመጣው ቪዲዮ ቀራጭ ሰርጉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ኢንተርኔት ላይ ጭኖታል። መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም በልቶ እጁን ከታጠበ በኋላ፣ እማ እጇን ዘርግታ ለሙሽሮቹ ዱዓ ታደርጋለች። እኔ እዚህ በማዳም ዋይፋይ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሰዓዳ ያለችበት መንደር ግን ኢንተርኔት የለም። ስልክ ራሱ የሚሠራው መስጊዱ ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ሲወጡ ነው። አንድ ቀን ጉብታው ላይ አስወጥቼ፣ በአንዱ ስልክ ደውዬ በሌላው ቪዲዮውን ከፍቼ አሰማኋት። «ይህ ንብ ነው እንጂ እማ አይደለችም» አለችና ዘጋችብኝ። ሰዓዳ እንዲህ ናት። ከአንድ ማኅፀን ወጥተን ይሉኝታውን ሁሉ እኔ ወስጄ ለእሷ ምንም አላስቀረሁላትም።

ስለዚህ ዱዓው ስልኬ ውስጥ ወርዶ፣ አብሮኝ በአውሮፕላን መሄድ ነበረበት።

ጎረቤት ቪላ የምትሠራው ሐያት መላ አታጣም። ፊደል ያስቆጠረችኝም እሷ ናት፤ ቆሻሻ ልናወጣ ስንገናኝ በር ላይ ቆመን። ትምህርት ቤት ደጃፉንም ረግጬ ስለማላውቅ ለእኔ አንዳንዱ ፊደል አሁንም የቆሻሻ ቅርጫት ይሸተኛል። እና ሐያት በአንዱ ስልክ እየከፈትን በሌላው እንቅዳው አለች። ሞከርን። ማዳም ቤት ግን ዝምታ የሚባል ዕቃ የለም። የማዳም በቀቀን «ታዓሊ» ማለት ለምዷል፤ ነይ ማለት ነው፤ ቀኑን ሙሉ እኔን ሲጠሩኝ ሰምቶ ያጠናው ነው። እማ «ያ ረቢ» ብላ ስትጀምር «ታዓሊ» ይላል። እንደገና ብንጀምር እንደገና። ሰዓዳ እናቷን እየሰማች በመሐል በወፍ እንድትጠራ አልፈልግም።

ከዚያ ሌላ የማውረጃ ፕሮግራም ጫንኩ፤ እሱ ሰርጉን ትቶ የማቅጠኛ ሻይና የቁማር ማስታወቂያ ያወርድልኝ ጀመር። ሐያት ያኔ ነው ኑሩን ያስታወሰችው።

ኑሩ የአገራችን ልጅ ነው። ሹዌኽ ውስጥ የአንድ መጋዘን ዘበኛ ነው። አገር ቤት ኮምፒውተር ተምሮ ነበርና የጥበቃ ክፍሉ ውስጥ፣ ከሚንጫጫው ኤሲ ሥር ተቀምጦ፣ ቪዲዮ የሚያወርድ ፕሮግራም ሠርቷል። በስልክ ግሩፓችን ላይ ለቀቀውና ቮይስ ላከ። ዋጋ የለውም አለ፤ ማስታወቂያም የለውም። አንጀቱም ክፍት ነው፤ የፈለገ ሰው ገብቶ ያያል፣ የቻለ ይጠግናል፤ ኦፕን ሶርስ ይባላል አለ። በየአገሩ ያሉ የማያውቃቸው ሰዎችም ያግዙታል። እኔ ወዲያው ገባኝ። ደቦ ነው።

«ገና ጥሬ ነው» አለ ኑሩ። «ጉድለቱን ንገሩኝ። ምስጋና አልፈልግም።»

ግሩፑ ውስጥ ያለነው ሴቶች በሙሉ ማሻአላህ አልነው።

ጫንኩት። የሰርጉን ሊንክ አስገባሁ። አረንጓዴ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ እየሞላ ሄደ፣ አንድ ደወል ጮኸ፣ «ተጠናቋል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ከፈትኩት። ሙሽራው አለ፣ ሚዜዎቹ አሉ፣ አክስቴ ትከሻዋን ስትሰብቅ አለች፣ ሥጋው አለ። እማ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ጠርጋ እጇን ልትዘረጋ ስትል ቪዲዮው ቀጥ አለ። እማ አፏን ከፍታ ቀረች።

ደገምኩት። አንዳንዴ እጅ ሲታጠቡ ይቆማል፣ አንዳንዴ ገና ሥጋው ሲቆረጥ ይቆማል። ዱዓው ላይ ደርሶ አያውቅም። ተጠናቋል ማለቱን ግን አይተውም። ዱዓ ሳይደረግ ምን ተጠናቀቀ ይባላል? በኛ አገር በልቶ ከዱዓ በፊት ብድግ የሚል እንግዳ ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ሆዱን አሞታል።

ልክ ሲከሽፍ ደግሞ ስልኩ «አገልግሎታችንን እንዴት አገኙት?» ብሎ አምስት ባዶ ኮከብ ይደረድራል። አሁን እናንተ ፍረዱኝ። አንድ ልጅ በሹዌኽ ሙቀት እንቅልፉን አጥቶ የሠራው ነገር ነው። አንድ ኮከብ መስጠት ለሰላምታ አንድ ጣት እንደመዘርጋት ነው። አምስቱንም ሞላሁለት። በከሸፈ ቁጥር አሳዘነኝ፤ ባሳዘነኝ ቁጥር አምስት ሰጠሁት። በጣም የከሸፈ ዕለት ከኮከቡ በላይ ምርቃት ጨመርኩበት።

ኑሩ ግን የዋህ አይደለም፤ ለየብቻችን ይጠይቀን ጀመር። እኔንም «እማ» ነው የሚለኝ፤ እማ፣ ወላሂ ጉድለቱን ንገሪኝ አለኝ። እኔም ቮይስ ልልክለት ተነሳሁ። ስለ ጤናው ጠየቅኩ፣ ስለ እናቱ ጠየቅኩ፣ ስለ ኤሲው ጠየቅኩ፣ እስካሁን ያላገባበትን ምክንያት ጠየቅኩ፤ ጉድለቱ ላይ ስደርስ አንጀቴ አልችል አለ። ሳያቆስለው ሊነገር የሚችል ጉድለት ፈለግኩ። አንድ አገኘሁ።

«ትንሽ ሰላምታ ይጎድለዋል ልጄ» አልኩት። «ሰው ሲከፍተው ዝም ይላል።»

ደስ አለው። አዲሱን ደግሞ ሠርቶ ለቀቀው።

የማዳም እናት፣ «ማማ ከቢራ» የምንላት፣ ትልቋ እማማ ማለት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ሳሎን ሶፋ ላይ ሸለብ ታደርጋለች። እኔ ከጎኗ ቁጭ ብዬ እግሯን አሻለሁ። በዚያ ቀን አንድ እጄ ባዶ ነበርና አዲሱን ማውረጃ ከፈትኩት። ስልኩ በኑሩ በራሱ ድምፅ፣ የጭነት መኪና ሹፌሮችን ከበር በሚመልስበት በዚያ ወፍራም ድምፅ፣ «አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ» አለ። ማማ ከቢራ ነቅታ ሻሿን ሳበች። ሰላምታውን አሟልታ መለሰች። ከዚያ ሰውየው የታለ አለችኝ። ስልክ ነው ብዬ አሳየኋት። ስልኩን ትክ ብላ አየችውና በዚህ ሙቀት የመጣ እንግዳ ሻይ ሳይጠጣ አይቀመጥም አለች።

ማማ ከቢራ ካዘዘች አዘዘች። ሻይ ቀዳሁለት።

ማዳም ከሥራ ስትገባ የሻይ ብርጭቆ ከነማስቀመጫው ስልኬ ፊት ቆሞ አገኘች። ሻዩን አየች፣ ስልኩን አየች፣ እኔን አየች። ስኳሩን አማስለሽለታል ወይ ብላኝ አለፈች። እዚህ ቢያበቃ ምንም አልነበር። በቀቀኑ ግን ጉዳዩን ከላይ ሆኖ ሲከታተለው ኖሯል። በሁለተኛው ቀን በኑሩ ድምፅ «አሰላሙ ዓለይኩም» ማለት ጀመረ። ባለ ቁጥር ማማ ከቢራ ሻይ ታዝዛለች። ያን ሰሞን ማንም የማይጠጣው ሻይ ቀድቼ ቀድቼ እጄ ሊገነጠል ነው። ሁሉም የመጣው ከኔ አስተያየት ነው።

ለምን ኑሩን ራሱን በኮምፒውተርህ አውርድልኝ አላልሽውም ትሉ ይሆናል። ሐያትም ብላኛለች። በማውረጃህ አልቻልኩም ብለው ለምን ብሎ መጠየቁ ይቀራል? ያ ሁሉ ኮከብ የት ይገባል?

በመሐሉ ኑሩ ግሩፑ ላይ ሌላ ቮይስ ላከ። ተጠቃሚዎቹ በሙሉ አምስት ኮከብ ስለሰጡ የማውረዱ ሥራ አልቋል ማለት ነው አለ። ለውጭዎቹ ደቦኞችም በሩን እንዲዘጉት ሊጽፍላቸው ነው። ከእንግዲህ የአየር ጠባይ የሚናገር ፕሮግራም ሊጀምር አስቧል። ከዚያ በፊት ግን ይበልጥ ያበረታቱትን ሁለት እናቶች፣ እኔንና ሐያትን፣ የፊታችን ጁሙዓ ሚርቃብ ሰፈር ምሳ ሊጋብዘን ይፈልጋል።

ሐያት እናቶች መባሏን አልወደደችውም። እኔን ግን ያስደነገጠኝ በሩን መዝጋቱ ነው። የምሄደው ከዚያ ጁሙዓ በኋላ ባለው ሳምንት ነበር። በሩ ከተዘጋ ለሰዓዳ የምወስድላት አፏን ከፍታ የቀረች እማን ነው፤ ያንንም እሷ አታየውም።

ጁሙዓ ወደ ምሳው ስንሄድ መንገድ ላይ ተማማልን። ሐያት እኔ ካልነገርኩት እሷ እንደምትነግረው፣ እሷም ካቃታት ጠረጴዛ ሥር እግሬን እንደምትመታኝ ተስማማን።

ሚርቃብ ከሱቆቹ በላይ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት አለ፤ ጁሙዓ ዕረፍት ያለው ሁሉ እዚያ ይታጨቃል። ኑሩ ቀድሞን ሸሚዙን ተኩሶ ተቀምጧል። ገና ሳንቀመጥ የኔን ቮይስ አገር ቤት ለእናቱ እንዳሰማት ነገረኝ። ሥራው አልሆን ብሎ ሊተወው የነበረ ጊዜ የኔ ምርቃት እንዳቆመው ነገረኝ። ሐያት እግሬን መታችኝ። እኔ ጎረስኩ። ሥጋ ጨመረልን። ሐያት መታችኝ። እኔ ሥጋው አልኩ፣ እንዴት ያለ ሥጋ ነው። ሦስተኛው ላይ ምቷ ስታ የኑሩን እግር አገኘ መሰለኝ፣ ይቅርታ ብሎ ወንበሩን ሳበ። እሷም ብትሆን ታዲያ ከመማታት በቀር አንድ ቃል አልወጣትም።

ምሳው አለቀ። እጅ ታጠብን። በዕድሜ የምበልጠው እኔ ስለሆንኩ ዱዓው የኔ ነው። እጄን ዘረጋሁ፤ ሁለቱም ዘረጉ።

ያበላንን ልጅ አብላው አልኩ፤ አሚን አሉ። እናቱን አቆይለት አልኩ፤ አሚን። በሹዌኽ ሙቀት አትፈትነው፤ አሚን። ጥሩ ሚስት ስጠው፤ ኑሩ አሚኑን ዘለግ አደረገው። ከዚያ እጄን እንደዘረጋሁ እማ ትዝ አለችኝ። እሷም እንዲህ ዘርግታ ነው የቀረችው። ምላሴ ሳያማክረኝ ሄደ።

«ያ ረቢ» አልኩ፣ «ከዱዓ በፊት ብድግ የሚለውን ማውረጃ ቁጭ አድርግልን።»

«አሚን» አለች ሐያት። ትሪ የያዘው አስተናጋጅ ቆመ።

ሳይጨርስ ጨረስኩ ከማለት አድነው አልኩ። አሚን አለች። ያወረደውን የት እንደሚደብቀው አሳየን ብላ እሷም ከራሷ ጨመረች፤ ለካ የሷ ችግር ያ ኖሯል። አሚን አልኩ። ከጎናችን ጠረጴዛ የነበሩት ሴቶች ዞረው እጃቸውን ዘረጉ፤ የግሩፓችን ሰዎች ናቸው። አንዷ ያንኑ ቪዲዮ ሦስት ጊዜ እያወረደ ስልኬን ከማፈን ያውጣው አለች። አሚን። ሌላዋ መሐል ላይ ሲዘጋ ከሀ ከማስጀመር ያድነን አለች። አሚን። እኔም በቀቀኑ ትዝ ብሎኝ ሰላምታውን ዝቅ አድርግልን ብዬ አከልኩ።

ኑሩ መጀመሪያ አብሮን አሚን ይል ነበር። ቀስ በቀስ አሚኑ አነሰ። ከዚያ ዓይኑን ገለጠ። ግን ወዴት ይሄዳል? እጁን ዘርግቷል። ዱዓ ላይ ያለ ሰው አይነሳም፣ አይከራከርም፣ እስቲ ቆዩ አይልም። ሁሉን እስኪሰማ ተቀምጦ አሚን ማለት ነበረበት።

ፊታችንን ዳበስን።

«እማ፣ ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ ኑሩ።

«ከመጀመሪያው ቀን ልጄ።»

«አምስቱ ኮከብስ?»

«እሱ ላንተ ነው» አልኩት። «ለማውረጃው መቼ ሰጠሁ።»

ሳቀ ብላችሁ ደስ ባለኝ። አልሳቀም። ሥራ ገባሁ አለ፣ ሒሳቡን ከፈለ፣ ሻዩን ሳይነካው ወጣ። በዚያ ሰሞን የማይጠጣ ሻይ ዕጣዬ ነበር። ሐያት አውቶቡስ ላይ ደግ አደረግን አለችኝ፤ ድምፅዋ ግን ደግ እንዳደረገ ሰው አይደለም። እኔ የሰውን ልጅ በዱዓ አስሬ የገረፍኩት መሰለኝ።

እሑድ ማታ ቮይሱ መጣ። ሰላምታ የለው፣ ምን የለው። ዱዓውን እንዳለ፣ አንዷንም አሚን ሳያስቀር፣ በእንግሊዝኛ ገልብጦ ለደቦኞቹ ለጥፎላቸው ኖሯል። በሩንም አልዘጋውም። አንድ ሩቅ ደሴት ላይ ያለ ሰውዬ መጀመሪያ አሚን ብሎ መልሷል፤ ከዚያ እኔም ጋ እንዲሁ ያደርጋል ብሎ ጽፏል። የሱም ደሴት ኔት ይቆራረጣል። ሁለቱ ሆነው የማውረጃውን አንጀት ሲፈትሹ ጉድለቱን አገኙት። ኔቱ ትንሽ ትንፋሽ ሲወስድ ማውረጃው ሞተ ብሎ ይቀብረዋል፤ የያዘውን ይዞ ተጠናቋል ይላል።

«አሁን እንዲጠብቅ አድርገነዋል» አለ ኑሩ። «ሞክሪውና ደግሞ እውነቱን ንገሪኝ። ኮከቡን አንስቼዋለሁ።»

ልሄድ ዋዜማው ነው። የማዳምን ባል የባባን ዲሽዳሻ፣ ያንን ረጅም ነጭ ቀሚሱን፣ እየተኮስኩ ሊንኩን አስገባሁ። ሰላምታው ዝቅ ብሏል፤ ማማ ከቢራ ግን ጆሮዋ አይስትም፣ ካለችበት መለሰች። አረንጓዴው መስመር ሄደ፣ ሄደ፣ ጫፍ ሊደርስ ሲል ቆመ። ድሮ ቢሆን እዚህ ጋ ነው ደወሉን የሚደውለው። አልደወለም። «እየጠበቅኩ ነው» የሚል ጻፈ። እኔም ጠበቅኩ። ሁለታችን ተፋጠን ቆመን ካውያው ብቻ ሥራውን ቀጠለ፤ ሽታው ሲመጣ ነው ያነሳሁት። ባባ ያንን ዲሽዳሻ ዛሬም ጀርባው ላይ የካውያ ፊት ይዞ ቤት ውስጥ ይለብሰዋል።

መስመሩ ነቅነቅ አለ። ሞላ። ከፈትኩትና ወደ መጨረሻው ወሰድኩት። እማ አፏን ጠረገች፣ እጇን ዘረጋች፣ «ያ ረቢ» አለች፤ ቀጠለች። ማማ ከቢራ ከሶፋዋ ላይ አሚን አለች። አማርኛ አንድ ቃል አታውቅም፤ ዱዓን ግን ማን ያጣዋል። እንግዳዋ ማን ናት አለችኝ። እናቴ ናት አልኳት። ያለማንም ትዕዛዝ ሻይ ቀዳሁ፤ ያንን እንኳ እኔው ጠጣሁት።

አገር ገባሁ። ሰዓዳን ግቢው ውስጥ ቁርበት ላይ አስቀምጬ ስልኩን ጆሮዋ ሥር ያዝኩላት። ከመጀመሪያው ነው የምሰማው አለች። ሙሽራውን ሰማች፣ ጭፈራውን ሰማች፣ የሥጋ አቆራረጡን ሰማች። እማ ስትጀምር እጇን ዘረጋች። ለእያንዳንዷ አሚን አለች፤ ድምፅዋ አንዴ ብቻ ተሰበረ። ሲያልቅ ፊቷን ዳበሰች።

«እማ ናት» አለች።

እኔ አለቀስኩ። እሷ ስልኩን በእጇ ዳሰሰችው።

«ለሠራው ልጅ ንገሪው» አለችኝ። «ድምፁ ያንሳል። ሰርገኛውም ሲበላ አይጨርስም፤ ቀጥ ብሎ ዱዓው ጋ የሚያደርስ ነገር ያብጅለት። ዓይን የሌለው ሰው የት ጋ እንደሚነካ ማን ያሳየዋል?»

ኧረ ሰዓዳ፣ ልጁ ስንት ደክሞበት አልኳት። ከደከመበትማ ይስማ እንጂ አለችኝ።

መስጊዱ ጀርባ ያለውን ጉብታ ወጣሁ። ኩዌት ደወልኩለትና እንዳለች ነገርኩት፤ እንደ አመሌ ላለዝበው ብሞክርም የሰዓዳ ቃል አይለዝብም። ይህን ያህል ዘመን ለማይገባው ቦታ ያፈሰስኩትን ማሻአላህ ሁሉ አስታወስኩና ስለእሷ ይቅርታ ልጠይቅለት አፌን ከፈትኩ።

«ሌላስ ምን አለች?» አለኝ ኑሩ፤ ምሳ ሲጋብዘን እንኳ እንዲህ ደስ ብሎት አላየሁትም።

ቁልቁለቱን ወርጄ ጠየቅኳት። ገና መጀመሯ ነበር።